ነጥብ ነጥብ አድርግበት

ኦቦ ደበላ ሞተ አሉኝ። ረፋድ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶብኝ ከሆዱ እየጎተትኩ ሳለ አንዱ የባጃጅ ሹፌር በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሙሌ፣ ሰማህ? ያ የሚበረው ሰውዬ አረፈ» አለኝ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት «ያው ከሰማይ ወድቆ ነዋ መቼም!» ብሎ ጨመረበት።

ከሰማይ አልወደቀም። ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ላይ በገመድ ባንጠለጠለው አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ልቡ ቀጥ አለች። ከመሬት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ይህንኑ ብነግረው ሹፌሩ «እና ያው አየር ላይ ነዋ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ነቀምቴ አንዴ የሰጠችህን ስም በሞትህም አትቀማህም፤ ቸር ከተማ ናት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኦቦ ደበላ በከተማችን በጨርቅ ክንፍ የሚበር ብቸኛ ሰው ነበር። ሁለተኛው ማዕረጉ ደግሞ «ሰው ከሰማይ የጣለ» የሚል ነው። ተጣለ የተባለው ሰውዬ እኔ ነኝ። አልጣለኝም። ይቺን አንዲት ቃል ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ምላሴ ግን በሌላው ነገር ሁሉ ደህና ነበረች።

የተዋወቅነው በማመልከቻ ነው። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የፍቺም፣ የመሬትም፣ የሙት ዓመትም ወረቀት በኔ ጣት ያልፋል። አንድ ቀን አጭር፣ ጠይም፣ የመካኒክ ቱታ የለበሰ ሰው ገብቶ ወንበሩን ሳበ።

«አካም ጅርታ? ነጋ? ቤተሰብ ነጋ? ሥራ ነጋ?» ሰላምታው እንደ አገሩ ወግ ሙሉ ነበር፤ ሲያበቃ «ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ።

«ጉዳዩ?»

«መብረር።»

የቪዛ ነገር መሰለኝ። «ወዴት ነው የሚበሩት?» አልኩት።

«ከጉቴ ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ ወደ ታች።»

ለብዙ ዓመት የውጭ አገር ሰዎች ሹፌር ነበር። ሰዎቹ ለአንድ ፕሮጀክት መጥተው ሥራቸውን ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠሩና ቅዳሜ በጨርቅ ክንፍ ከኮረብታ ይዘላሉ። እሱ መኪናዋን ይዞ ታች ይጠብቃቸዋል። ቆሞ መጠበቅ ሲሰለቸው አስተምሩኝ አላቸው፤ አስተማሩት። ሲሄዱ አንድ ቀይ ክንፍ፣ ሁለት የእጅ ሬዲዮና አንድ የምስጋና ወረቀት ትተውለት ሄዱ። የምስጋና ወረቀቱን ላሚኔት ያደረግኩለት እኔ ነኝ።

ማመልከቻው ከቢሮ የተመለሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው። «የሰሌዳ ቁጥሩ ይገለጽ» ይላል። ጸሐፊዋ ቀልዳ እንዳይመስላችሁ፣ ማኅተም አለው። ደበላ «ክንፉ ሰሌዳ የለውም፤ ሹፌሩ ግን መንጃ ፈቃድ አለው» ብሎ አስጻፈኝና መንጃ ፈቃዱን አያይዞ ላከ። ተፈቀደለት፤ «ከወረዳው ክልል እንዳይወጣ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። ነፋሱ ማሳሰቢያው በግልባጭ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

እኔ እንዴት ገባሁበት? የኪራሙ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ እናቴ የወሎ ሰው ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የጉቴውን የኦቦ ጉዲናን ልጅ ለሊሴን ወድጄ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ፣ ሁለት ጊዜም «እናስብበታለን» ተብዬ ነበር። ኦቦ ጉዲና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያስቡ ቀስ ብለው ነው። ሰው እንዲህ ሲንጠለጠል ወይ ይጠጣል ወይ ይበራል። መጠጡ እሳቸው ዘንድ ጨርሶ የማያስገባ ስለሆነ መብረሩን መረጥኩ።

ትምህርቱ የሚጀመረው ማንጎው ዛፍ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ያስቀምጥሃል፤ ከላይ የወረዱ ሁለት ገመዶች ያስጨብጥሃል። እነዚህ ሁለቱ ፍሬን ናቸው። ግራውን ስትስብ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስትስብ ወደ ቀኝ፤ ሁለቱንም በልክ ስትስብ ክንፉ ይዘገያል። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ አትበለኝ» አለኝ። «አንቱ ረጅም ነው። በሬዲዮ 'እባክዎ ኦቦ ደበላ' ብለህ ሳትጨርስ መሬት ትደርሳለህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ነው የምለው፤ ሙት ሆኖም አንተ ነው።

«መኪና ላይ ስትፈራ ፍሬን ትይዛለህ፤ ትድናለህ» ይላል ወንበሩን እየወዘወዘ። «እዚህ ስትፈራ ፍሬን ትይዛለህ፤ ትሞታለህ። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።»

«እንዴት ነው የምሞተው?» እላለሁ፤ ዝርዝር እወዳለሁ።

«ሁለቱን አብዝተህ ስትስብ ክንፉ ነፋሱን ይለቃል። ጆሮህ ላይ የነበረው ነፋስ ዝም ይላል። ያኔ ክንፉ ሞቷል። ክንፍ አይደለም፣ አንሶላ ነው። አንሶላ ደግሞ ሰው ተሸክሞ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ሃርካ ኦል!» ብሎ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ይሰቅላል። እጅ ወደ ላይ ማለት ነው። «ፍሬኑን መልስለት። ክንፉ ካንተ ይልቅ መብረር ያውቃል፤ አትምከረው። ሲነሳ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ያኔ ብቻ እንደ ደነበረ ፈረስ ትንሽ ያዝ ታደርገዋለህ። ግን መጀመሪያ መልቀቅ!»

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። እሱ ግን የሰው እጅ ሲፈራ እንደሚጨብጥ ያውቃል። ስለዚህ ባልተጠበቀ ሰዓት «ሞተ!» ብሎ ይጮኻል፤ እጅህን መስቀል አለብህ። ወንበሩ ላይ ብቻ መሰላችሁ? አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ከኋላዬ መጥቶ «ሞተ!» አለኝ። እጄን ሰቀልኩ፤ ሻዩ አጠገቤ በነበሩት የጉራጌ ነጋዴ ኮት ላይ አረፈ። ሰውዬው «ማን ሞተ?» ብለው ደንግጠው ተነሡ። ደበላ «ማንም አልሞተም፤ ልጁ ለቋል፤ ጎበዝ ነው» ብሎ በራሱ መሐረብ ኮታቸውን ጠረገላቸው።

ሦስት ተማሪዎች ነበርን። አንዱን ሚስቱ አስተወችው፣ ሌላው ራሱን አስተወ። እኔ ቀረሁ። ለኔ የሚከብደኝ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው «አየር ላይ ሰላምታ የለም» የሚል ነው። ወለጋ ውስጥ ይህን ሕግ ማውጣት ወንዝ ወደ ኋላ ይፍሰስ እንደ ማለት ነው። «መሬት ላይ እስኪመሽ ተሳለም» ይላል፣ «እዚያ ላይ ግን እናትህም ብትጠራህ ዝም።» ሁለተኛው ደግሞ «መሬት ላይ ያለ ሰው ይጮኻል እንጂ ፍሬን አይለቅልህም» የሚል ነው። ሬዲዮውን እያሳየኝ ነበር ይህን የሚለው፤ ያኔ ስለ ሬዲዮ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ራሱ ሲበር ማየት ነበረባችሁ። አንድ የገበያ ቀን ከጉቴ በላይ ሳለ የክንፉ ቀኝ ግማሽ ድንገት ተጣጠፈ፤ አንድ እጅጌው የተጠቀለለ ሸሚዝ መሰለ። ገበያው «ያ ዋቅ!» ብሎ አምላኩን እየጠራ ተነሣ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ፤ አንዱ ፍየሉን ለቆ ሮጠ። እኔ በሬዲዮ «ደበላ! ደበላ!» እላለሁ። እሱ ባልታጠፈው ወገን ተደግፎ፣ አቅጣጫውን በትንሽ ፍሬን ጠብቆ፣ የታጠፈውን ወገን አንዴ በረጅሙ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ክንፉ ጧ ብሎ ተከፈተ። መስኩ ላይ አርፎ ቆቡን አስተካከለና ለሚያለቅሱት ሴቶች የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ድንች ዛሬ ስንት ገባ?» የሚል ነበር። ያን ቀን ወደድኩት፤ ሌላ ቃል የለውም።

እንግዲህ የኔ ቀን መጣ። ሦስተኛ በረራዬ ነው። ወደ ታች ስወርድ ሁሉም ነገር ሸጋ ነበር። ለማረፍ ተቃርቤያለሁ፤ ከፍታዬ የአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ያህል ነው፤ ፍሬኑን በልክ ይዣለሁ። ወደ መስኩ ሳይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ኦቦ ጉዲና! ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው፣ ሽቅብ ያዩኛል። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ልብ በሉ፤ ሁለት ጊዜ «እናስብበታለን» ያሉኝ ሰው ባርኔጣ አወለቁልኝ። እናቴ ለሽማግሌ ከወገብ ሰበር ማለትን ያስተማረችኝ በአለንጋ ነው። አካሌ እኔን አላማከረኝም። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ወደ ጉልበቴ አውርጄ እጅ ነሣሁ። ሁለቱም ፍሬን እጄ ውስጥ ነበር።

ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ዝም አለ።

ደበላ በሬዲዮ «ሃርካ ኦል! ልቀቅ! ሙሌ ልቀቅ!» ሲል ሰማሁት። ሰምቼዋለሁ፤ እንዳልሰማ የሚያደርግ ሰበብ የለኝም። ግን ፈራሁ፤ የፈራ እጅ ደግሞ ይጨብጣል። ይበልጥ ሳብኩት። አንሶላዬን ይዤ ያንዱ ምስኪን ገበሬ የበቆሎ ማሳ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ቀኝ ክንዴና ሁለት ጎድኔ ተሰበሩ። ጭቃው ባይኖር ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ኦቦ ጉዲና መጡ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ጸለዩልኝ። ከዚያም «ልጄ» አሉኝ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ አሉኝ! «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ሌላም ሰው ሳይጨርስ መቆም አለበት። ሽማግሌዎቹ ደብዳቤ አዘጋጅተዋል፤ ባለ ጉዳዩ አንተ ነህና ፈርም።» ደብዳቤው በኔው ሱቅ፣ በኔው ሠራተኛ የተተየበ ነው። «በአግባቡ ባለመሠልጠኔና በአሠልጣኙ ቸልተኝነት» ይላል።

አሁን ምን ልበል? «የለም አባቴ፣ የወደቅኩት ለርስዎ እጅ ስነሣ ነው» ልበል? ልጄ ብለውኝ? ዝም አይነቅዝም ይባላል። በግራ እጄ ፈረምኩ።

ክንፉ ተወሰደና የቀበሌው መጋዘን ገባ፤ ከተሰበሩ ወንበሮችና ካለፈው ምርጫ ሳጥኖች ጋር። እኔ በሰባተኛው ወር ለሊሴን አገባሁ። ደበላ በሠርጌ አልተጠራም። ሰው እኮ ነኝ፤ እንደ ሰው ነው የተዋረድኩት።

ከሠርጉ በኋላ የጠበቅኩት ጠብ ነበር። እሱ ግን ሱቄ መጥቶ እንደ ወጉ ሰላም ብሎ ያንን ደብዳቤ አውጥቶ «ሁለት ኮፒ አድርግልኝ» አለኝ። ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። መብራቱ ከዳር ዳር ሲሄድ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ኮፒውን ተቀብሎ ከዐይኑ አራቅ አድርጎ ተመለከተና «ፊርማህ ተበላሽቷል» አለኝ። «በግራ ነው?»

«አዎ።»

«ኤዬ። ቀኝህ እስኪድን እንጠብቃለን።» ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ሰቅሎ አሳየኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታው ይኸው ሆነ። መናኸሪያ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፤ ሁለት እጅ ወደ ላይ። ለሊሴ «ምን ነካው ይሄ ሰው? እጅ ስጡ ያሉት ይመስል!» ትለኛለች። «ቀልደኛ ነው» እላታለሁ።

ቀልዱ በየዓመቱ ሱቄ ይመጣ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ነፋሱ ሲስተካከል ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል። ከተማው ውስጥ ጸሐፊ የሞላ ነው፤ እሱ ግን እኔ ጋ ነው። እሱ ይላል፣ እኔ እተይባለሁ። «ጉዳዩ፦ በመጋዘን የሚገኝ ክንፌ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ።» ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ «የአደጋው ምክንያት» ይልና ይቆማል። ያየኛል። እኔ ቁልፎቹን አያለሁ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» እላለሁ፤ ድፍረቴን እዩልኝ።

«ነጥብ ነጥብ አድርግበት» ይላል።

ነጥብ ነጥብ አደርግበታለሁ። ማመልከቻው ሄዶ ይመለሳል፤ «የአደጋው ምክንያት በግልጽ ስላልተጠቀሰ ተመላሽ ተደርጓል።» በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ፣ በሁለተኛውም እንዲህ። ከዚያ ጊዜው ከፋ፤ ሰማይ ላይ ወፍ እንኳ የሚጠረጠርበት ዘመን ሆነ። እሱ ግን ማመልከቻውን አላቋረጠም። «ልብረር አላልኩም፤ ክንፌን ልጠበው ነው ያልኩት» ይላል። አምስት ማመልከቻ፣ አምስት ጊዜ ነጥብ። አንዷን መስመር ብሞላለት ክንፉ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ስሙም ይነጻ ነበር። በየዓመቱ «በሚቀጥለው» እል ነበር። ዝም አይነቅዝም ያሉት ሰዎች የኔን አልቀመሱትም።

እንግዲህ ሞተ። እኔም የባጃጁ ሹፌር ከሄደ በኋላ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ እንደተነከሰ።

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰዎች በደብተር የተጻፈ የሕይወት ታሪክ አመጡልኝ። የዚህን ሰፈር የሟች ታሪክ ሁሉ የምተይበው እኔ ነኝ፤ ማንበቡም የኔው ነው፤ የትየባ ስሕተቴን ሌላ ሰው ማንበብ ስለሰለቸው። ረቂቁ ግሩም ነበር። ተወለደ፣ መኪና ነዳ፣ ወለደ፣ ሰው ወዳጅ ነበር። ስለ ክንፉ «በሥራ ዘመናቸው ስፖርት ያዘወትሩ ነበር» ይላል። መቼም ሽማግሌ ሲያሳምር ያውቅበታል።

እስከዚያ ድረስ ተየብኩት። ከዚያ ጣቴ በራሷ «የአደጋው ምክንያት» ብላ ጻፈችና ቆመች። ነጥቡን መታሁ። ሰረዝኩት። ደግሜ መታሁ፤ ደግሜ ሰረዝኩት።

በማግስቱ አስከሬኑ ለቀብር ሲወጣ ዝናብ ጣለ። የዕድሩ ድንኳን ሕዝቡን አልበቃውም። አንድ አዋቂ ትዝ ብሎት ወደ ቀበሌው መጋዘን ሮጠና ቀዩን ክንፍ አምጥቶ ከማንጎው እስከ አጥሩ ዘረጋው። ስድስት ዓመት የለመነውን፣ በሞተ በማግስቱ ያለ ማመልከቻ አወጡለት! ኦቦ ጉዲናና ሽማግሌዎቹ ሥሩ ተቀመጡ። አይጥ የበላው ቦታ ሁሉ ያፈሳል፤ በባርኔጣቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሳጥኑ መሐል ነው፤ የደበላ ሚስት አዴ ጫልቱ አጠገቡ ናት፤ ለሊሴ ከሴቶቹ ጋር።

ተነሥቼ አነበብኩ። ተወለደ፣ ነዳ፣ ወለደ። ስፖርቱ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ላይ የጨመርኩትን ቀጠልኩ።

«ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ተማሪው ጉቴ መስክ ላይ ሲወድቅ ደበላ ጥፋተኛ ተብሎ ክንፉ ተወስዷል። የአደጋው ምክንያት፣ ተማሪው ሙሉጌታ፣ ማለትም እኔ፣ ለማረፍ ስቃረብ ሁለቱንም ፍሬን እንደያዝኩ ለኦቦ ጉዲና እጅ በመንሣቴ ነው። ደበላ ልቀቅ ብሎኛል። አልለቀቅኩም። ደብዳቤው ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

ለሊሴ አየችኝ፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ኦቦ ጉዲና ከተቀመጡበት ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አይቼሃለሁ» አሉ።

«ምን አዩ?»

«እጅ ስትነሣ። ሰማይ ላይ ሆኖ ሽማግሌ የሚያከብር ልጅ ነው ብዬ ነው ልጄን የሰጠሁህ።»

«ታዲያ ደብዳቤው… ለምን ዝም አሉ?»

«ባለ ጉዳዩ አንተ ነህ። አንተ ዝም አልክ» አሉና የራሳቸውም ፊት ጠቆረ። ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ፣ ዝናቡ መላጣቸው ላይ እየጠበጠበ፣ ተቀመጡ።

አዴ ጫልቱ ናት ያዳነችን፤ ወይም የገደለችን። እያለቀሰች ሳቀች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ራስህ ሙላውና ክንፍህን ውሰድ እለው ነበር» አለች። «እሱ ግን 'መሬት ላይ ያለ ሰው ይጮኻል እንጂ ፍሬን አይለቅለትም፤ ልጁ ራሱ ይለቃል፤ ታያለሽ' ይለኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ወንበሩ ላይ ሲወጣም የዘንድሮ ማመልከቻ የማስጽፍበት ጊዜ ደረሰ ብሎኛል።»

ይህን ብላ ወደኔ ዞረችና ሁለት እጇን ከራሷ በላይ ሰቀለች፤ ልክ እንደሱ።

ሕዝቡ ወደ ጸሎት የገባች መሰለው። አንዱ «አሜን!» አለ፣ ሌላውም እጁን አነሣ፣ ሽማግሌዎቹም፣ ኦቦ ጉዲናም። የሚያፈሰው ቀይ ክንፍ ሥር ያለው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። እኔም ወረቀቱን ጣልኩና አነሣሁ። ቀኝ ክንዴ ከተሰበረ ወዲህ ከትከሻዬ በላይ አይወጣም። እስከሚችለው ድረስ አነሣሁት።